ተኪላው ውስጥ የቆየው ቃሪያ

ጥያቄ፦ ለእንግዶች የሚያቃጥል ማርጋሪታ (በተኪላ፣ በሎሚና በብርቱካን ሊከር የሚሠራ ኮክቴል) ላቀርብ ብዬ አንድ ጠርሙስ ተኪላ ውስጥ አራት ቃሪያ ከትፌ ሦስት ቀን አቆየሁት። ጉሮሮ ይልጣል፤ ሣር ሣርም ይላል። ምን አጠፋሁ? ማዳንስ ይቻላል?

መልስ፦ ያጠፉት በሰዓቱ ነው። የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን በውኃ እምብዛም አይሟሟም፤ በአልኮል ግን ፈጥኖ ይወጣል። አብዛኛው የሚገኘውም ፍሬዎቹ ላይ ሳይሆን ፍሬዎቹን በያዘው ነጭ ክፍል ላይ ነው። እሱን በማንኪያ ጠርገው ያውጡ። ለ250 ሚሊ ሊትር ነጭ ተኪላ አንድ መካከለኛ ቃሪያ ይበቃል። ቃሪያ ከቃሪያ ስለሚለያይ ሰዓት ብቻ አይመኑ፤ በየ10 ደቂቃው ይቅመሱ። ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ይበቃዋል። ወዲያው ያጥልሉት፤ ሲቆይ ነው ሣር ሣር የሚለው።

የያዙትን አይድፉት። አንዱን እጅ በሦስት እጅ ንጹሕ ተኪላ ያቅጥኑት።

ለአንድ ብርጭቆ ማርጋሪታ 60 ሚሊ ሊትር ቃሪያ የተዘፈዘፈበት ተኪላ፣ 30 የሎሚ ጭማቂ፣ 20 የብርቱካን ሊከር (ጣፋጭ የአልኮል መጠጥ)፣ 10 የስኳር ሽሮፕ (ስኳርና ውኃ እኩል)። ሎሚው ያኔውኑ የተጨመቀ ይሁን፤ ያደረ ጭማቂ መጠጡን ያደበዝዘዋል። ከበረዶ ጋር 12 ሰከንድ ያህል በኃይል ነቅንቀው በወንፊት ይቅዱ።

ለብርጭቆው ጠርዝ ሚጥሚጣ ያምራል፤ ሚጥሚጣው ራሱ ጨው ስላለው ግን ከተጨማሪው ጨው ይቀንሱ። ግማሹን ጠርዝ ብቻ ይቀቡ፤ ማቃጠሉን የማይሻ እንግዳ በሌላኛው ወገን ይጠጣል።