ሌሊት ኦፕራሲዮን ከተባለ እስኪነጋ እንጠብቅ?

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር፣ ከጅማ ነው የምጽፍልህ። ወንድሜን ሆዱን አሞት ሌሊት ሆስፒታል ስንወስደው አንጀቱ ታጥፏል አሁኑኑ ኦፕራሲዮን ይሰራ ተባልን፣ ሰርጀኑ ግን ቀኑን ሙሉ ሲሰራ ውሎ አይኑ ቀልቷል፣ አጎቴም የደከመ ሰው አይነካውም እስኪነጋ ይቆይ ብሎ አልፈርምም አለ። በመከራ ፈርሞ ተሰራለት፣ አሁን ደህና ነው። ግን አጎቴ ልክ ነበር እንዴ? (መ. ከጅማ)

መልስ፦ እህቴ እንኳን ማረላችሁ! የአጎትሽ ስጋት ከመሬት የተነሳ አይደለም፣ እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ የአውስትራሊያ ጥናት 17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው ቅልጥፍናው የደም አልኮሉ 0.05 ፐርሰንት የደረሰ ሰው ያህል እንደሚወርድ አሳይቷል፣ ይሄን ሰምቶ ማን አይፈራም።

በሽተኛው ላይ የሚታየው ውጤት ግን እንደዛ ቀጥታ አይደለም። በካናዳ ኦንታሪዮ ወደ 39 ሺህ የሚጠጉ ታካሚዎችን ያየ እ.ኤ.አ. የ2015 ጥናት ሐኪሙ ሌሊቱን ሲያክም አድሮ ቀን የሰራቸውንና ያው ሐኪም ሳያድር የሰራቸውን አወዳድሮ፣ ሞት፣ ኮምፕሊኬሽን (ከኦፕራሲዮን በኋላ የሚመጣ ችግር) እና ተመልሶ ሆስፒታል መተኛት ተደምሮ 22.2 ለ 22.4 ፐርሰንት ነው ያገኘው፣ ማለት ልዩነት የለም። እነዚህ ግን በቀጠሮ የተሰሩ ናቸው፣ ድንገተኛ አይደሉም። ሌሊት የተሰራ ሰው ይበልጥ ይሞታል ሲባል ደግሞ ሌሊት የሚገባው መጀመሪያውኑ በጣም የታመመው መሆኑ አይረሳ።

ዋናው ነገር በሽታው ይጠብቃል ወይ ነው። ያልፈነዳ ትርፍ አንጀት ብዙ ጊዜ ይጠብቃል፣ ፊንላንድና ኖርዌይ ከ1,800 በላይ ሰው ላይ ተሞክሮ በ8 ሰዓት ውስጥ የተሰራውና እስከ 24 ሰዓት የቆየው በመፈንዳት ብዙም አልተለያዩም (8 እና 9 ፐርሰንት)። የታጠፈ አንጀት ግን ሌላ ነው፣ አንዳንዴ በፊንጢጣ ቱቦ አስገብተው ያስተነፍሱታል፣ ደም ከተቋረጠበት ግን በሰዓታት ውስጥ ይጠቁራል ከዛ ይበሳል፣ ያኔ አርፎ የመጣ ሰርጀንም የሞተውን አንጀት ቆርጦ ከማውጣት ሌላ ምርጫ የለውም። ስለዚህ ፈርማችሁ መግባታችሁ ትክክል ነበር።

ቢሆንም ሙሉ ዱቲ ያደረን ሐኪም በማግስቱ እንደገና ኦፕራሲዮን ክፍል ማስገባት ልክ ነው ብዬ አላምንም፣ ይሄ ግን የፕሮግራም አውጪው ስራ ነው እንጂ የአስታማሚ አይደለም። አስታማሚ መጠየቅ ያለበት "እስኪነጋ ቢቆይ ምን ይሆናል?" ብሎ ነው፣ ሲኒየር (ልምድ ያለው ሐኪም) መጠራቱንም ጠይቁ ማንም አይቀየምም። በሽተኛው መጨረሻ የበላው ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ የሚወስደውን መድኃኒት፣ የዛን ቀን ጫት ቅሞ ከሆነም (የልብ ምትና ደም ግፊት ይጨምራል) ሳታፍሩ ለማደንዘዣ ሰጪው ንገሩ።