ያላለቀውን ታሪክ እኔ ልጨርሰው?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄዬ የልጅ ነገር ነው፣ እንዳይስቁብኝ። በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣውን «ዘ አይረን ጃይንት» የተባለ አኒሜሽን ፊልም እወደዋለሁ። መጨረሻ ላይ ግዙፉ ሮቦት ከሚሳኤሉ ጋር ተላትሞ ይበታተናል። ከዚያ አካሉ አይስላንድ ውስጥ በረዶ ላይ መሰብሰብ ሲጀምር ፊልሙ ያልቃል። ክፍል ሁለት የለውም። ልጅ ሳለሁ ግን አንድ አድናቂ በብዕር ስም ቀጣዩን ታሪክ ኢንተርኔት ላይ በየምዕራፉ ይጽፍ ነበር። የሮቦቱ ወዳጅ የሆነው ልጅ፣ ሆጋርዝ፣ አድጎ ሮቦቱን ፍለጋ ይሄዳል። ጆሮውን በረዶው ላይ ለጥፎ ሲያዳምጥ ከሥር «ኳ፣ ኳ» ይሰማል። እዚያ ላይ ቆመ! ጸሐፊው ጠፋ፣ በኋላ ጽሑፉም ጠፋ። ያኔ የገለበጥኳቸው ጥቂት ምዕራፎች አሉኝ። መጨረሻውን ጽፌ አንድ ላይ ላውጣው ወይስ የሰው ሥራ መስረቅ ይሆንብኛል?
ልቧ የተንጠለጠለ

መልስ፦
እህቴ፣ ምን ያስቃል? ሰውን በረዶ ላይ አስተኝቶ መጥፋት ግን ግፍ ነው።

መጨረሻው ስላልተጻፈ የትም ብትፈልጊ አታገኚውም። የቀሩት ምዕራፎች ግን ሊገኙ ይችላሉ። የድሮው ሊንክ ካለሽ የድሮ ድረ ገጾችን ቅጂ በሚያስቀምጠው ዌይባክ ማሽን ላይ አስገቢው። እያንዳንዱ ምዕራፍ የራሱ ሊንክ ካለው ሁሉንም ሞክሪ፤ አንዱ ተቀድቶ ሌላው የሚቀርበት ጊዜ አለ። በብዕር ስሙ ብቻም አትፈልጊ። «አርካይቭ ኦቭ አወር ኦውን» በተባለው የአድናቂ ጽሑፎች ድረ ገጽ ላይ ጸሐፊዎች ጽሑፋቸውን ትተው ስማቸውን ብቻ ማንሳት ይችላሉ።

ለምን እንደጠፋም አጣሪ። ድረ ገጹ ተዘግቶ ከሆነ አንድ ነገር ነው፤ ሰው የግል ገጹን የሚሠራበት ጂኦሲቲስ በ2009 እ.ኤ.አ. ሲዘጋ ስንቱ የአድናቂ ጽሑፍ አብሮት ሄዷል። ራሱ አጥፍቶት ከሆነ ግን ሌላ ነው። በጉርምስናው የጻፈውን ሲያነብ የሚያፍር ሞልቷል፣ መብቱም ነው። ስለዚህ የእሱን ምዕራፎች ያለፈቃዱ አታውጪ። ለራስሽ ያዣቸው።

የራስሽን ግን ጻፊ፣ ምን ትጠብቂያለሽ? ከኳኳታው ጀምሪና ሐሳቡ ከማን እንደመጣ ከላይ በአንድ መስመር ግለጪ። ዓረፍተ ነገሮቹን አትቅጂ፣ አጻጻፉን ለማስመሰልም አትድከሚ። ያኔ ታነቢ የነበርሽው ልጅ አድገሻል፣ ሆጋርዝም አድጓል። ብቻ ልሽጠው ብለሽ እንዳታስቢ፤ ገጸ ባሕርያቱ የአንቺም የእሱም አይደሉም።

ጸሐፊው አንድ ቀን ብቅ ብሎ «አንሺልኝ» ካለሽ የእሱን ሐሳብ የያዘውን ክፍል አንሺለት። የቀረውን እንዳትነኪው።