ስለ ጆይ ዲቪዥን «ክሎሰር» ለጠየቃችሁኝ

ስለ ፖስት-ፐንክ (ከፐንክ ሮክ ቀጥሎ ስለመጣው የሙዚቃ ዓይነት) ካነሳሁ ወዲህ ብዙዎቻችሁ የጠየቃችሁኝ ስለ አንድ አልበም ነው፤ ስለ ጆይ ዲቪዥን ባንድ ሁለተኛ ሥራ፣ ስለ «ክሎሰር»። ካሉኝ ሸክላዎች ሁሉ አብልጬ የምወደው እሱን ነውና በደስታ እመልሳለሁ። ቀኖቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያዙልኝ።

ባንዱን ጨርሶ አላውቀውም። እነማን ናቸው?

ከእንግሊዝ፣ ከማንቸስተርና ከአካባቢዋ የወጡ አራት ወጣቶች ናቸው። ኢያን ከርቲስ ድምፃዊ፣ በርናርድ ሰምነር ጊታርና ኪቦርድ፣ ፒተር ሁክ ቤዝ ጊታር፣ ስቲቨን ሞሪስ ድራም። የመጀመሪያ አልበማቸው በ1979፣ «ክሎሰር» ደግሞ በጁላይ 1980 ወጣ።

«አልበሙ የስንብት ደብዳቤ ነው» ሲባል እሰማለሁ። እውነት ነው?

ወንድሜ፣ እኔ በዚህ አባባል አልስማማም። ከርቲስ በ23 ዓመቱ ሕይወቱን ያጠፋው ሜይ 18 ቀን 1980 ነው፤ ባንዱ በማግስቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አሜሪካ ሊበር ሻንጣውን አዘጋጅቶ ነበር። አልበሙ ሲወጣ እሱ አልነበረም፤ ሰውም ሁሉን ነገር በሞቱ በኩል መስማት ጀመረ። የተቀዳው ግን ማርች ላይ፣ ለንደን ኢዝሊንግተን በሚገኘው ብሪታኒያ ሮው ስቱዲዮ፣ ሁለት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ነው። አራት ሰዎችና አንድ ፕሮዲዩሰር ሌት ተቀን የደከሙበት ሥራ ነው።

ግጥሙ ከባድ መሆኑን አልክድም። ከርቲስ የሚጥል በሽታ ነበረበት፣ ትዳሩም እየፈረሰ ነበር። ጓደኞቹ በኋላ እንደተናገሩት፣ ያኔ ቃላቱን ልብ ብለው አላዳመጡም ነበር፤ ያ ጸጸት እስካሁን አብሯቸው አለ። እኛ ግን አልበሙን የሞት ማስረጃ ብቻ ካደረግነው የሞሪስን ድራም ማን ይሰማዋል? ግጥሙ የራሳችሁን ቁስል የሚነካ ከሆነ ደግሞ ለብቻችሁ አትያዙት፤ ከምታምኑት ሰው ጋር ተነጋገሩ።

ድምፁ ከመጀመሪያው አልበም ለምን ይለያል?

የምወደው ጥያቄ ነው! ፕሮዲዩሰሩ ያው ማርቲን ሃኔት ነው፤ ግን እዚህ ሲንተሳይዘሩ፣ ማለትም ድምፅ በኤሌክትሮኒክ መንገድ የሚፈጥረው መሣሪያ፣ ፊት ወጥቷል። «አይሶሌሽን»ን ስሙት፦ ድራሙ በሲንተሳይዘር ውስጥ አልፎ ደረቅ፣ የብረት ዓይነት ድምፅ ይዞ ይመጣል፤ ቤዙ ይከተላል፤ ከዚያ ደማቅ የኪቦርድ ዜማ ይገባል። የሚያስጨፍር ዘፈን ነው፤ ቃላቱ ግን ሌላ ናቸው።

የሁክን ቤዝ ለብቻው ለይታችሁ ስሙት። በልምምድ ቦታ የሰምነር ጊታር እየጮኸ ራሱን መስማት ሲያቅተው ወደ ቀጭኖቹ ኖታዎች ወጣ፤ በዚያው ቀረ። ለዚህ ነው በዚህ ባንድ ውስጥ ዜማውን ብዙ ጊዜ ቤዙ የሚሸከመው። የመክፈቻው ዘፈን ላይ ደግሞ ሁለቱ መሣሪያ ተቀያየሩ፤ ሁክ ጊታር፣ ሰምነር ቤዝ። ያ የሚቧጥጥ፣ ጆሮ የሚረብሽ ጊታር የመጣው ከዚያ ነው።

ሽፋኑ ላይ ያለው ሐውልት ምንድን ነው?

ጣሊያን ጄኖቫ በሚገኘው የስታልዬኖ መካነ መቃብር ያለ የአንድ ቤተሰብ መቃብር ነው። ፎቶውን ያነሳው በርናርድ ፒየር ቮልፍ ነው። ብዙዎች ከርቲስ ከሞተ በኋላ የተመረጠ ይመስላቸዋል፤ አይደለም፣ ቀድሞ ተመርጦ ነበር። ንድፉን የሠራው ፒተር ሳቪል ከርቲስ መሞቱን ሲሰማ ምን ያህል እንደደነገጠ ተናግሯል።

ያ ታዋቂው «ላቭ ዊል ቲር አስ አፓርት» የትኛው የሸክላው ገጽ ላይ ነው?

አልበሙ ውስጥ የለም። ለብቻው በነጠላ የወጣ ነው።

ከየት ልጀምር?

እህቴ፣ ከተለመደው ውጪ ልምከርሽና ከሁለተኛው ገጽ ጀምሪ። አራት ዘፈን ብቻ ነው። «ትዌንቲ ፎር አወርስ» ላይ ቤዙ በእርጋታ ይከፍታል፣ ድንገት ሁሉም ተያይዘው ይሮጣሉ፣ እንደገና ቀስ ይላሉ፣ እንደገና ይሮጣሉ። ቀጥሎ «ዘ ኢተርናል» ይመጣል፤ ፒያኖው ቀብር ተከትሎ እንደሚሄድ ሰው ይራመዳል። መዝጊያው «ዴኬድስ» ከስድስት ደቂቃ በላይ ነው፤ እሱን በማታ፣ መብራት አጥፍተሽ ስሚው። የመጀመሪያውን ገጽ ከዚያ በኋላ ስትሰሚው ይበልጥ ይከፈትልሻል።

የቀሩት ሦስቱ ምን ሆኑ?

ኒው ኦርደር በሚል ስም ቀጠሉ። የመጀመሪያ ነጠላቸው «ሴሬሞኒ» በ1981 ወጣ፤ ዘፈኑ ከርቲስ በሕይወት እያለ የተሠራ ነው። ቃላቱ ተጽፈው ስላልተገኙ የቀሩትን ቅጂዎች ደጋግመው እያዳመጡ፣ ከጩኸቱ መሀል የጓደኛቸውን ድምፅ እየለቀሙ ጻፉት። አሁን ዘፋኙ ሰምነር ሆነ።