ቦሎቄው ቀድሞ ይንተክተክ፣ ፓስታው መጨረሻ ይግባ

ጥያቄ፦ ሰላም እትዬ፣ እንደምን አሉ? የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው፣ የምሠራው ደግሞ ሜክሲኮ አካባቢ። ዳላስ የምትኖር እህቴ ለእረፍት ስትመጣ ስሎው ኩከር (ቀስ ብሎ የሚያበስል የኤሌክትሪክ ማሰሮ) ይዛልኝ መጣች። ከተመለሰች በኋላ እዚያ ቤቷ የምትሠራውን የቴክስ ሜክስ የፓስታ ሾርባ በስልክ ነገረችኝ። የተፈጨ ስጋ፣ ቀይ ቦሎቄ፣ በቆሎ፣ ቲማቲም፣ ቅመም፣ መኮሮኒ። «ሁሉንም ጠዋት ጨምሪው፣ ማታ ደርሶ ይጠብቅሻል» አለችኝ። እንዳለችው አደረግኩ። ማታ ስገባ መኮሮኒው ገንፎ ሆኗል፣ ቦሎቄው ጥርስ ይሰብራል፣ መረቁ ውሃ ውሃ ይላል። ቺሊ ፓውደር ስላላገኘሁ የቤቱን በርበሬ ነው የጨመርኩት። ልጆቹ ቦሎቄውን እየለቀሙ አውጥተው ስጋውን ብቻ በሉ። ምኑ ጋ ነው የተበላሸብኝ? ማሰሮውስ ለእኛ አገር ይሆናል?
— የሁለት ልጆች እናት፣ ከልደታ

መልስ፦ እህቴ፣ ማሰሮው ለእኛ አገር በደንብ ይሆናል። እንደ አንቺ ጠዋት ወጥታ ማታ ለምትገባ ሴት ደግሞ ትልቅ እፎይታ ነው። ልጆቹ ቦሎቄውን ለቅመው ማውጣታቸው ግን እሰየው ነው፣ ከእሱ ልጀምር።

ቀይ ቦሎቄ በጥሬው ፋይቶሄማግሉቲኒን የሚባል መርዛማ ነገር አለው። አራት አምስት ፍሬ ያልበሰለ ቦሎቄ ሰው ለማሳመም ይበቃል። በተበላ ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ውስጥ ማቅለሽለሽና ከባድ ትውከት፣ ቀጥሎም ተቅማጥ ያመጣል። መርዙ የሚጠፋው በደንብ ሲፈላ ነው። ስሎው ኩከር ደግሞ ቀስ እያለ ነው የሚሞቀው። ቦሎቄው 80 ዲግሪ አካባቢ ላይ ሲቆይ መርዙ ከጥሬው ብሶ እንደሚገኝ ተረጋግጧል። ስለዚህ ደረቅ ቀይ ቦሎቄ በቀጥታ ስሎው ኩከር ውስጥ አይገባም። በዚህ ላይ ድርድር የለኝም።

እህትሽ የምትጠቀመው የታሸገውን ይመስለኛል። የቆርቆሮው ቦሎቄ ፋብሪካ ውስጥ በስሎ ስለሚመጣ ምንም ስጋት የለበትም። አንቺም ከሱፐርማርኬት ገዝተሽ አጥበሽ መጨመር ትችያለሽ። ደረቁን ከፈለግሽ (እኔ ደረቁን ነው የምወደው፣ ዋጋውም ጣዕሙም ይሻላል) ማታ ዘፍዝፊው፣ የተዘፈዘፈበትን ውሃ ድፊው፣ በአዲስ ውሃ ምድጃ ላይ ቀቅይው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ቢያንስ ሠላሳ ደቂቃ ይፍላ ይላል። ለእኛ ግን ይህ አይበቃም። ዳላስ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ስለሆነች ውሃው 100 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው የሚፈላው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች እዚህ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ያ የጎደለው ሙቀት ቦሎቄ ላይ በግልጽ ይታያል። በተራ ድስት ከአንድ ሰዓት በላይ አስቢ፣ አሮጌ ቦሎቄ ከሆነ ከዚያም በላይ። ፕሬሸር ካለሽ ደግሞ ከ100 ዲግሪ በላይ ስለሚያደርሰው ቶሎ ትገላገያለሽ።

መድረሱን ለማወቅ አንዱን ፍሬ በማንኪያ አውጪና እፍ በይበት። ቆዳው ተጨማዶ ከተላጠ ደርሷል ማለት ነው። ከዚያ በሁለት ጣትሽ ጫን በይው። መሐሉ ላይ ነጭ ደረቅ እንክብል ከቀረ ገና ነው። እንደ ቅቤ ከተዳጠ አውጪው። ቲማቲም የሚቀርበውም ከዚህ በኋላ ነው፤ የቲማቲም አሲድ የቦሎቄን ቆዳ ያጠነክረዋል። አንቺ ጋ ጥርስ የሰበረው አንድም በዚህ ነው።

አሁን ወደ ጣዕሙ። መረቁ ውሃ ውሃ ያለሽ ምንም ነገር ስላልተቁላላ ነው። ስሎው ኩከር እንፋሎቱን ክዳኑ ሥር አፍኖ ይይዛል፤ ሙቀቱም ከመፍላት አያልፍም። ስለዚህ ስጋ አይጠበስበትም፣ ሽንኩርት አይቀላበትም፣ ውሃውም አይመጥም። ሽንኩርት ሳታቁላላ ወጥ የምትሠራ ሴት የለችም፣ የዚህ ሾርባ ነገርም ያው ነው። ሁለት ትልልቅ ቀይ ሽንኩርት ከትፈሽ ድስት ላይ አቁላይ፣ ዘይት ጨምሪ፣ ግማሽ ኪሎ የተፈጨ የበሬ ስጋ አስገቢና ሮዝነቱ ጠፍቶ ቡኒ እስኪሆን እየበታተንሽ ጥበሺው። ስጋው ስብ ከበዛው ትርፉን ቅጂ፤ ካልቀዳሽው ሾርባው ላይ ተንሳፍፎ ይቀራል። አራት አምስት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ ሁለት ቃሪያ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሳልሳ። ቅመሙም እዚሁ ዘይት ውስጥ ይግባ፣ አንድ ደቂቃ ይሽተትሽ። ውሃ ላይ የተነሰነሰ ቅመም ግማሽ ጉልበቱ ነው የሚወጣው።

የቅመሙ ነገር ሰፋ ያለ መልስ ይገባዋል። ቴክስ ሜክስ የቴክሳስ ሜክሲኮዎች ምግብ ነው። ቴክሳስ እስከ 1836 (እ.ኤ.አ.) ድረስ የሜክሲኮ ግዛት ነበረች። ድንበሩ ሲቀየር ሰዉ ከነምድጃው እዚያው ቀረ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሳን አንቶንዮ ከተማ አደባባዮች ላይ ሴቶች ማታ ማታ በፋኖስ ብርሃን ቺሊ (በበርበሬ የተሠራ የስጋ ወጥ) እየሸጡ ይተዳደሩ ነበር። በዚያው ዘመን ዊልያም ጌብሃርት የሚባል ጀርመናዊ ስደተኛ የተፈጨ በርበሬ ከቅመም ጋር ቀይጦ መሸጥ ጀመረ። ቺሊ ፓውደር በጠርሙስ የመጣው በዚህ መንገድ ነው። ውስጡ ያለው በርበሬ፣ ከሙን፣ ኦሬጋኖና ነጭ ሽንኩርት ነው። ከእነዚህ ውስጥ ምግቡን ቴክስ ሜክስ የሚያሰኘው ከሙኑ ነው። ፓስታውም ባዕድ አይደለም፤ ሜክሲኮዎች ቀጭን ፓስታ በዘይት ጠብሰው በቲማቲም መረቅ የሚሠሩት ሾርባ አላቸው። (መሥሪያ ቤትሽ ያለበት አደባባይ ስሙን ያገኘው፣ ሜክሲኮ የጣሊያንን ወረራ አልቀበልም ካሉ ጥቂት አገሮች አንዷ ስለነበረች ነው። ሜክሲኮ ሲቲም ኢትዮጵያ የሚባል የሜትሮ ጣቢያ አላት። ይህን ሾርባ ለልጆችሽ ስታቀርቢ ብትነግሪያቸው ደስ ይለኛል።)

የቤትሽ በርበሬ ኮረሪማ፣ በሶብላ፣ ነጭ አዝሙድና ሌላም ሌላም አለበት። ግሩም ቅመም ነው፣ ግን ሾርባውን ወደ ወጥ ይወስድብሻል። ያልተቀመመ በርበሬ ነው የሚያስፈልግሽ። መርካቶ በርበሬ ተራ ዛላውን ገዝተሽ ፍሬውን አራግፈሽ፣ ምጣድ ላይ ሳያርር አመስ አድርገሽ ፍጪው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። ለልጆች ከበዛ ግማሹን በፓፕሪካ ተኪው። ሁለት የሻይ ማንኪያ ከሙን፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ኦሬጋኖ ጨምሪበት። ከሙን ስትገዢ እጅሽ ላይ አድርገሽ እይው። ረዘም ቀጠን ያለ፣ ቡኒ፣ በቁመቱ ጭረት ያለው ነው። ድቡልቡልና ደቃቅ ከሆነ፣ ስትፈትጊውም ጦስኝ ጦስኝ ከሸተተሽ ነጭ አዝሙድ ነው፣ መልሽላቸው።

ይህን ሁሉ ጠዋት እንድትሠሪ አልመክርሽም። ቦሎቄውንም ቁሌቱንም ማታ ጨርሰሽ ለየብቻ በዕቃ ፍሪጅ አስገቢ። የማሰሮውን ሴራሚክ ግን ፍሪጅ አታስገቢው፤ ቀዝቅዞ ሙቅ ነገር ሲነካው ይሰነጠቃል። ጠዋት ቁሌቱን፣ ሁለት ኩባያ የተቀቀለ ቦሎቄ፣ አንድ ኩባያ በቆሎ፣ አራት የተከተፈ ቲማቲምና ስድስት ኩባያ የፈላ ውሃ ወይም የአጥንት መረቅ ጨምረሽ ሎው ላይ አድርጊው። የፈላ ውሃ ያልኩሽ በምክንያት ነው። ከቀዝቃዛ ከተነሳ ለመሞቅ ብዙ ሰዓት ይፈጅበታል፣ ስጋ ደግሞ ለብ ባለ ነገር ውስጥ መቆየት የለበትም። ማሰሮው ከግማሽ በላይ፣ ከሦስት አራተኛ በታች ይሙላ። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ወጥተሽ ማታ 11 ሰዓት ተኩል ብትገቢ አሥር ሰዓት መሆኑ ነው። የዳላስ አዘገጃጀት ስምንት ሊል ይችላል። በእኛ ከፍታ ላይ አሥሩ አይጎዳውም። ቤት የሚውል ሰው ካለ ክዳኑን እንዳይከፍት ንገሪው። በተከፈተ ቁጥር ሃያና ሠላሳ ደቂቃ ወደ ኋላ ይመለሳል።

መኮሮኒው የሚገባው አንቺ ቤት ስትገቢ ነው። ማሰሮውን ሃይ ላይ አድርጊ፣ ልብስ ቀይሪ፣ ዳር ዳሩ ፈላ ፈላ ሲል 200 ግራም መኮሮኒ ጨምሪና አማስለሽ ክደኚ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ቅመሺ፤ ሠላሳ ሊደርስ ይችላል። አንዳንዶች ለብቻው ቀቅለው ይቀላቅላሉ። እኔ እዚያው ውስጥ እንዲበስል ነው የምፈልገው፣ ስታርቹ መረቁን ያወፍረዋልና። ጨው መጨረሻ። ከዚያ አቮካዶ፣ የድንብላል ቅጠል፣ ሎሚ፣ አንድ ማንኪያ እርጎ። አይብ ካለሽ አይብ ፈርፍሪበት። ባይቀልጥም ቅዝቃዜውና ለስላሳነቱ ከበርበሬው ጋር ይስማማል።

አንድ ነገር ልጨምር። ማሰሮው ከአሜሪካ ስለመጣ ታቹ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቢ። 120 ቮልት ካለ በትራንስፎርመር እንጂ በቀጥታ አይሰካም፤ የእኛ 220 ነው። ማሰሮው 240 ዋት ከሆነ ትራንስፎርመሩ 500 ዋት ይሁን። ቀኑን ሙሉ ስለሚሠራ ልክ በልኩ የሆነው ይግላል።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ካዛንቺስ ብቻዬን ነው የምኖረው። ስሎው ኩከር ልገዛ አስቤ መብራት ያስፈራኛል። እኔ ሥራ ላይ እያለሁ ቢጠፋ ምግቡ ምን ይሆናል?
— ወንደላጤው፣ ከካዛንቺስ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጥያቄህ ትክክል ነው። ምግብ ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ከሁለት ሰዓት በላይ ከቆየ ባክቴሪያ ይራባበታል። ቤት ካለህ ችግር የለም፤ ወደ ድስት ገልብጠህ ሲሊንደር ላይ ጨርሰው። ቤት ከሌለህ ግን የምትገዛው ዓይነት ይወስነዋል። በመዞሪያ የሚሠራው መብራቱ ሲመለስ እንደገና ይነሳል፤ ማታ ስትገባ ሞቆ ታገኘዋለህ፣ መሐል ላይ ስንት ሰዓት ጠፍቶ እንደነበር አታውቅም። ቁጥር የሚያሳየው ዲጂታሉ ግን ብዙውን ጊዜ ጠፍቶ ይቀራል ወይም ቁጥሩ ብልጭ ድርግም እያለ ይጠብቅሃል። ለአንተ የሚሻለው እሱ ነው።

ለምን ያህል ጊዜ እንደጠፋ ካላወቅህ ድፋው። የስጋ ዋጋ ስንት እንደደረሰ አውቃለሁ፣ ሲደፋ ያንገበግባል። ግን አንዳንድ ባክቴሪያ የሚተወው መርዝ ደግመህ ብታፈላውም አይጠፋም። ቅዳሜና እሁድ ቤት ስትውል ሠርተህ ከፋፍለህ ፍሪዘር ብታስገባ ከዚህ ሁሉ ጭንቀት ትድናለህ። መኮሮኒ ሳትጨምርበት ነው ታዲያ የምታስገባው። ከቀለጠ በኋላ ስታሞቀው ትጨምራለህ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ፒያሳ ነው ያደግኩት፣ አሁን ከልጄ ጋር ነኝ። እሷ ይህን የሾርባ ማሰሮ ገዝታለች። ለጾም ይሆን ይሆን?
— እናት፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦ እማማ፣ በጣም ይሆናል፣ እንዲያውም ለጾም የተሠራ ይመስላል። ስጋውን ትተው ቦሎቄውን እጥፍ ያድርጉት። ቀይና ነጭ ቢቀላቅሉ ያምራል፣ ሁለቱም ግን አስቀድመው ይቀቀሉ። እንጉዳይ ካገኙ ከሽንኩርቱ ጋር ውሃው እስኪመጥ ይጥበሱት፤ የስጋውን ቦታ ይይዛል። ዘይቱን ትንሽ ጨመር ያድርጉ። መኮሮኒው እንቁላል እንደሌለበት ልጅዎ ፓኬቱ ላይ ታንብብልዎ፤ አብዛኛው ደረቅ መኮሮኒ ከስንዴና ከውሃ ብቻ ነው። ፊደሊኒ ከመረጡ በትንሽ ዘይት ቡኒ እስኪል ጠብሰው መጨረሻ ላይ ይጨምሩት፣ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። በእርጎው ፈንታ አቮካዶ በሎሚ ፈጭተው ከላይ ያድርጉበት።

ከተረፈ ለነገ መረቁን ለብቻ፣ ፓስታውን ለብቻ ያስቀምጡ። አብረው ካደሩ ፓስታው መረቁን ጠጥቶት ያድራል።