ሶፍትዌሩ ታድሶ ፈርምዌሩ ለምን ቀረ?

ጥያቄ፦ የእንግዳ ማረፊያችንን ዋይፋይ የሚያስተዳድረውን ሚክሮቲክ ራውተር ወደ አዲሱ ራውተርኦኤስ (የራውተሩ ሥርዓተ ክወና) አሳደግሁት፤ ፈርምዌሩ (ራውተሩን የሚያስነሳው ውስጣዊ ፕሮግራም) ግን የድሮውን ቁጥር ያሳያል። ተበላሸ እንዴ?

መልስ፦ አልተበላሸም፤ ሁለቱ የሚታደሱት ለየብቻ ነው። በዊንቦክስ (ራውተሩን ከኮምፒውተር የሚያስተካክሉበት ፕሮግራም) «ሲስተም»፣ ከዚያ «ራውተርቦርድ» ይግቡ፤ «አፕግሬድ» ብለው ራውተሩን እንደገና ያስነሱት። ቁጥሩ የሚቀየረው ከተነሳ በኋላ ነው። መሀል ላይ መብራት ከሄደ ጣጣ ነውና ዩፒኤስ (መጠባበቂያ ባትሪ) ላይ ይሰኩት።

ለሚቀጥለው ጊዜ፣ ከማሳደግዎ በፊት ባክአፕ ወስደው ወደ ኮምፒውተርዎ ያውርዱት፤ እዚያው የተቀመጠ ባክአፕ ራውተሩ ሲሞት አብሮ ይሞታል። 16 ሜጋባይት ማከማቻ ብቻ ያላቸው ሞዴሎች ላይ ቦታ ጠቦ ማሳደጉ ሊከሽፍ ይችላል፤ አላስፈላጊ ፋይሎችን ያጥፉ። ፓኬጁን (የማሳደጊያውን ፋይል) በእጅ ከጫኑ ከፕሮሰሰሩ ዓይነት ጋር ይግጠም፦ የአርም ፓኬጅ ሚፕስ ፕሮሰሰር ላይ አይገባም፤ ምክንያቱንም «ሎግ» (የራውተሩ መዝገብ) ላይ ያዩታል።