ጎግል እስክትገባ ቤት ለተቀመጠችው የኮምቦልቻ ምሩቅ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በሶፍትዌር ምህንድስና ከተመረቅሽ ስምንት ወር ሞላሽ። ደሴ ፒያሳ አካባቢ አምስት ልጆች ሆነው ለፋርማሲዎች የመድኃኒት መቆጣጠሪያ ሲስተም የሚሠሩበት ቤት «ነይ፣ ጀምሪ» ብሎሽ ነበር። ጅዳ ሰው ቤት እየሠራች ያስተማረችሽ ታላቅ እህትሽ ግን «እኔ የምለፋው ለዚህ ነው እንዴ? ጎግል ወይ ማይክሮሶፍት እስክትገቢ ቁጭ ብለሽ ተዘጋጂ» አለችሽ። አንቺም እሺ አልሽ። አሁን የምትጠይቂኝ «ለመሆኑ እዚያ ውስጥ ሥራው ምን ይመስላል? እችለዋለሁ?» ብለሽ ነው።

ደሴ ከመመለሴ በፊት እንደዚያ ባለ ትልቅ ኩባንያ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ያየሁትን ልንገርሽ።

እዚያ ሰው ኮድ ሲጽፍ አይውልም። ሲያነብ ነው የሚውለው። ያውም ሌላ ሰው ከዓመታት በፊት ጽፎት የለቀቀውን። የመጀመሪያ ሥራዬ አንዲት ቁጥር መቀየር ነበር፣ ከ30 ወደ 60። ሲስተሙ መልስ እስኪመጣለት የሚጠብቅበት ሰከንድ ነው። መቀየሩ አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ከዚያ ግን ሁለት ሰዎች አይተው ማጽደቅ ነበረባቸው። አንደኛዋ «ለምን 60? ለምን 45 አይሆንም?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። መረጃ ሰበሰብኩ፣ ለውጡ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሽ ኮድ (ቴስት) ጻፍኩ፣ እንደገና ላክሁ። ቁጥሯ ተጠቃሚ ጋ የደረሰችው በ11ኛው ቀን ነው። እሱም መጀመሪያ ከመቶ አንዱ ተጠቃሚ ብቻ ላይ ተሞክሮ። ያን ጊዜ በጣም ተናድጄ ነበር። በኋላ ገባኝ፤ ቁጥሯ ብትሳሳት የሚቸገረው ሕዝብ በሚሊዮን ይቆጠራል። ያንን ጥንቃቄ ሌላ የትም አልተማርኩም።

ኦን ኮል የሚባል ተራም አለ፤ ሲስተሙ ሲበላሽ የሚጠራው ባለተራው ነው። ተራሽ ሲደርስ ስልክሽ ትራስሽ ሥር ያድራል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ከጮኸ ዓይንሽን እያሸሽ ላፕቶፕ ትከፍቻለሽ። በየጊዜው ደግሞ ምን እንደሠራሽ፣ ማንን እንደጠቀመ በጽሑፍ አስረድተሽ ትገመገሚያለሽ።

ትችይዋለሽ ወይ? ትችይዋለሽ። አብረውኝ የነበሩት አብዛኞቹ ልዩ ፍጡር አልነበሩም። ታግሰው የሚያነቡ፣ ያልገባቸውን ለመጠየቅ የማያፍሩ ሰዎች ነበሩ።

ጉድለቱንም ስሚ። በስድስት ዓመት ውስጥ ከአንድ ግዙፍ ሲስተም አንዲት ጥግ በቀር አልነካሁም። የሠራሁትን የሚጠቀም ሰው በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ከለመድኳቸው መሣሪያዎች ግማሾቹ ከዚያ ግቢ ውጭ የሉም። ደሴ ተመልሼ ለአንድ ሱቅ ሲስተም ከባዶ ልጀምር ስል ከየት እንደሚጀመር ጠፋኝ። አንቺ የተውሽው ሥራ ላይ ግን ዳታቤዙም፣ ስልጠናውም፣ ጥገናውም በእጅሽ ያልፋል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሲስተሙ አልነሳ ሲል፣ ወረፋ ከፊቷ የተሰለፈባት ፋርማሲስት እንዴት እንደምታይሽ ታውቂያለሽ። ያንን ያየ ሰው ነው ትልቅ ቦታ ሲገባ የሚጠቅመው።

አሁን የማትወጂውን ልናገር። እህትሽ የምትልሽ ከፍቅር ነው፤ ግን ተሳስታለች። የኩባንያ ስም ዋስትና አይሆንም። በፈረንጆቹ ኅዳር 2022 የፌስቡክ ባለቤት ሜታ ከ11,000 በላይ፣ ጥር 2023 ጎግል 12,000 ገደማ ሠራተኛ እንደሚቀንሱ አስታወቁ። ከጎግል ብዙዎቹ መባረራቸውን ያወቁት በኢሜይል ነው። ኩባንያዎቹ የውጭ ባለሙያ የሚቀጥሩበት የአሜሪካ ኤች ዋን ቢ ቪዛም በዓመት 85,000 ገደብ አለው፤ አመልካች ሲበዛ ዕጣ ይወጣል። ጎበዝ መሆንሽ ዕጣ አያወጣልሽም።

አንቺ ስትጠብቂ ደግሞ የምትከፍለው እሷ ናት። የምትገዢው የኢንተርኔት ፓኬጅ ሁሉ ጅዳ ውስጥ የታጠበ ወለል ነው። ይህን የምልሽ ልወቅስሽ አይደለም፤ ስምንት ወር በሷ ድካም መቀመጥን «ዝግጅት» ብለሽ ስትጠሪው ስላመመኝ ነው። ደሞዙ ትንሽ ነው ብለሻል። ትንሽ ነው። ግን የሚኒባስሽን፣ የምሳሽንና የኢንተርኔትሽን ከቻለ እሷ መላኩን ታቆማለች።

ማስተርስ ለመማር ካሰብሽ ይቆይ። እንግሊዝኛሽ አያሳስብሽ፤ እዚያ የሚፈለገው ሐሳብን አጥርቶ መጻፍ ነው። ለቅጥር ፈተና የምትሠሪውን የአልጎሪዝም (የኮድ ጥያቄ አፈታት) ልምምድም አትተዪው፤ ማታ ማታ አንድ ሰዓት ይበቃዋል። ማመልከቱንም ቀጥይ።

ነገ ጠዋት ፒያሳ ወጥተሽ ቦታው አልተያዘ እንደሆነ በአካል ጠይቂ። ተይዞም ከሆነ ሌላ ሰው እንደሚያስፈልጋቸው ጠይቂ። ከእህትሽ ጋር ዓርብ ማታ ነው የምንደዋወለው ብለሻል። መጀመሪያ የሥራውን ነገር ንገሪያት። ቀጥለሽ እስከ ዛሬ ለራሷ ስንት እንዳስቀመጠች ጠይቂያት።