ዐውደ ርእዩ ሲነሳ እጃችሁ ላይ የሚቀረው

ልጆች፣

ሥዕሉንም ቪዲዮውንም ፐርፎርማንሱንም (በተመልካች ፊት በአካል የሚቀርበውን ሥራ) እየያዛችሁ፣ ጎን ለጎን ዩኒቨርሲቲ ለማስተማር የምታስቡ ብዙ ናችሁ። መንገዱ እንግዳ አይደለም፤ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ሠዓሊም ገጣሚም መምህርም ነበር። በቀለ መኮንንም ቅርጹን፣ ግጥሙንና ኢንስታሌሽኑን (በአንድ ቦታ ከልዩ ልዩ ቁስ የሚተከል ሥራ) ይዞ ነው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ «አለ» የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ያስተማረው። ችግሩ ሌላ ነው። የሸራ ሠዓሊ ሥራው ባይሸጥለት እንኳ ግድግዳ ተደግፎ ይጠብቀዋል። የእናንተ ግን ኤግዚቢሽኑ በተዘጋ ማግስት አፈሩ ይጠረጋል፣ ገመዱ ይጠቀለላል። ከዚያ በኋላ ኩሬተሩም (ኤግዚቢሽን የሚመርጠውና የሚያዘጋጀው)፣ የዕድገት ኮሚቴውም፣ የውጭ ዩኒቨርሲቲውም የሚያየው ያስቀራችሁትን ብቻ ነው።

ኢንስታሌሽን ስታነሱ አንድ ጥሩ ፎቶ አይበቃም። ክፍሉን በሙሉ ከበሩ አንሱ፣ ከዚያ ሰው አጠገቡ አቁማችሁ፣ ከዚያ የቁሱን ገጽ በቅርብ። ሰው ከሌለበት መጠኑ አይታወቅም፤ ሁለት ሜትር የሆነ የጭቃ ግንብ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ጀበና ሊመስል ይችላል። ትሪፖድ ተጠቀሙና አይ.ኤስ.ኦ.ውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) 100 ወይም 200 ላይ አድርጉት። የመስኮቱን የቀን ብርሃን ከጣሪያው አምፖል ጋር አታደባልቁ፤ ግድግዳው ግማሹ ሰማያዊ ግማሹ ቢጫ ይወጣና በኮምፒውተር ማረሙ ያታክታል። ዋናውን ፋይል በሙሉ መጠኑ አስቀምጡ፤ ለማመልከቻ ረጅም ጎኑ 1920 ፒክስል የሆነ ጄፔግ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

ለፐርፎርማንስ ሁለት ካሜራ ያስፈልጋል። አንዱ ሁሉን እያየ ይቁም፣ ማንም አይንካው። ሌላው እጅና ፊት ይከተል። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ በሴኮንድ 25 ፍሬም፣ ሸተሩን (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) 1/50 ሴኮንድ አድርጋችሁ ቅረጹ። ስልኩን ሳታዩት በ30 ፍሬም ከተዋችሁት፣ በፍሎረሰንትና በርካሽ ኤልኢዲ ሥር ምስሉ ይርገበገባል ወይም ጥላ መሳይ መስመር ይንሸራተትበታል፤ ያ ደግሞ በኤዲቲንግ በቀላሉ አይጠፋም። ድምፁን በተለየ መቅጃ፣ ለተመልካች ሳይሆን ለሥራው አስጠግታችሁ ያዙት። ሙሉውን ቅጂ ሳትቆርጡ አስቀምጡና ለዳኞች የሦስት ደቂቃ ቅንጭብ አዘጋጁ። ቅንጭቡ በጥቁር ስክሪንና በዝግታ በሚመጣ ስም አይጀምር። ዳኞች በአንድ ቀን ብዙ ማመልከቻ ያያሉ፤ ምንም ሳይሆን የሚያልፈው ግማሽ ደቂቃ እናንተን ይዞ ያልፋል።

ፋይሉ በሦስት ቅጂ ይኑር፤ ሁለቱ በተለያዩ ሃርድ ዲስኮች፣ አንዱ ከቤታችሁ ውጭ። ላፕቶፑና ሃርድ ዲስኩ አንድ ቦርሳ ውስጥ ከሆኑ ሁለት ቅጂ አላችሁ አይባልም፤ ሌባ ለይቶ አይሰርቅም።

ከፎቶው በላይ ችላ የሚባለው የመትከያ ወረቀት ነው። ሥራችሁን አይቶ የማያውቅ ሰው፣ እናንተ በሌላችሁበት፣ ያንኑ ሥራ እንዲተክለው አድርጋችሁ ጻፉት። የእያንዳንዱን ክፍል ብዛት፣ መጠንና ክብደት፣ የወለሉን ንድፍ በሴንቲሜትር፣ የትኛው ቀድሞ የትኛው ተከትሎ እንደሚተከል፣ ስንት ሰው ስንት ሰዓት እንደሚፈጅበት፣ ስንት ሶኬት እንደሚፈልግ አስፍሩ። ቢሰበር ምን እንደሚተካ፣ ከቶ የማይተካው የትኛው እንደሆነም ይጻፍ። ፕሮጀክተር ካለ ርቀቱና የክፍሉ ጨለማ ይገለጽ፤ 3000 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) በጨለማ ክፍል ያማረ ሥዕል ይሰጣል፣ መጋረጃ በሌለው አዳራሽ ግን አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል። ከአሜሪካ የመጣ 110 ቮልት ብቻ የሚቀበል ማጫወቻ በቀጥታ በ220 ስትሰኩት ጭሱ የሥራው አካል ይሆናል። መብራት ሄዶ ሲመለስ ቪዲዮው በራሱ ከመጀመሪያው እንዲነሳ የሚያደርግ ማጫወቻ ምረጡ፤ ካልሆነ የጋለሪው ጥበቃ ሪሞት ፍለጋ ይውላል።

ሥራው ወደ ውጭ የሚሄድ ከሆነ ከሣጥኑ ጀምሩ። ያልታከመ የባሕር ዛፍ ጣውላ አብዛኞቹ አገሮች አያስገቡም፤ እንጨቱ ውስጡ ድረስ 56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ30 ደቂቃ የጋለና መታከሙን የሚያሳይ ማኅተም ያለበት መሆን አለበት፣ ወይም ሣጥኑ ከኮምፔንሳቶ ይሠራ። አፈር፣ ጤፍና ያልለፋ ቆዳ የየራሳቸውን ወረቀት ይጠይቃሉ። በቻላችሁ መጠን አፈሩን ከሚታይበት አገር እንዲወሰድ በመትከያው ወረቀት ላይ ፍቀዱ። እዚህም ዕቃው ቅርስ አለመሆኑን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ለማውጣት ጊዜ ያዙለት፤ የበረራው ሳምንት አይደርስም።

ማስተማሩን በተመለከተ አጭር ልሁን። አሥራ ሁለት ተማሪ ለእያንዳንዱ ሃያ ደቂቃ ብትሰጡት የሥራ ግምገማው አራት ሰዓት ይፈጃል። ከዚያ በላይ ዓይን ይደክማል፤ መጨረሻ ላይ የሚቀርበው ተማሪ የሚሰማው ፍርድ የድካማችሁ ነው። ቅደም ተከተሉን በየሳምንቱ አገላብጡ። የራሳችሁን ስቱዲዮ ሰዓት እንደ ክፍለ ጊዜ በፕሮግራም አስይዙት፤ ካላስያዛችሁት ስብሰባ ይወስደዋል።

ከሌክቸረር ወደ ረዳት ፕሮፌሰር ስትሄዱ ኮሚቴው ወረቀት ይፈልጋል፣ የመጽሔት ጽሑፍ የለመደ ኮሚቴ ደግሞ ፐርፎርማንስን እንዴት እንደሚቆጥረው ይቸገራል። አታማርሩት፣ አግዙት። የግብዣ ደብዳቤ፣ ብሮሹር፣ የጋዜጣ ዘገባ፣ ማን እንደመረጣችሁና ከስንት አመልካች እንደሆነ የሚገልጽ የኩሬተር ደብዳቤ በአንድ ፋይል ያዙ። ደብዳቤውን ኤግዚቢሽኑ በተዘጋበት ሳምንት ጠይቁ። ኩሬተር ሥራ ይቀይራል፣ ጋለሪ ይዘጋል፣ ኢሜይሉም ይሞታል።

አሜሪካ ለመሄድ የምታስቡ፣ እዚያ በሥነ ጥበብ ኤም.ኤፍ.ኤ. (የሥነ ጥበብ ማስተርስ) የመጨረሻ ዲግሪ ተደርጎ ይወሰዳል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓመት ነው። ማመልከቻው ከ15 እስከ 20 ምስል፣ የአንድ ገጽ መግለጫና ሦስት የድጋፍ ደብዳቤ ይጠይቃል፤ ቀነ ገደቡ በብዛት ታኅሣሥና ጥር አካባቢ ነው። በመግለጫው የማቴሪያል ዝርዝር አትደርድሩ። ለምሳሌ ቪዲዮውንና ሽመናውን አንድ ላይ ያመጣው ጥያቄ ምን እንደሆነ በሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገሩ፤ ጥያቄው ካልተገኘ ከሁለቱ አንዱ ትርፍ ነው ማለት ነው።

ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን አሜሪካ ባለው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ረጅም ዘመን ማስተማሩ ብዙዎቻችሁን እንደሚያጓጓ አውቃለሁ። ዛሬ ግን አሜሪካ ከተመረቁት ብዙዎቹ የሚያገኙት በኮርስ የሚከፈል የትርፍ ሰዓት ማስተማር ነው፤ ሦስት ካምፓስ ሲዞሩ የስቱዲዮው ሰዓት መንገድ ላይ ያልቃል። ቋሚ ቦታ ቢገኝ ደግሞ መቅረት አለመቅረታችሁን የሚወስነው ትልቁ ግምገማ ብዙውን ጊዜ በስድስተኛው ዓመት ይመጣል፣ ፋይሉም ከመጀመሪያው ወር መሞላት አለበት። እዚህም ሆነ እዚያ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ፦ በሴሚስተር ስንት ኮርስ ነው? የመሥሪያ ክፍል አለው? ለኤግዚቢሽን ሁለት ሳምንት ብትሄዱ ክፍሉን ማን ይይዛል? መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ።